ሁሉን ጥዬ ያልኩት የምሬን ነው

ለምወድሽ ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እማዬ እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም አሮጊቷን፣ የምታስታምሚያቸውን ፍራው ኢርምጋርድን ከአልጋ ስታነሺ ቀጭ ይላል? እንቅልፍስ ታገኚያለሽ? ምግብስ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ድሮሽ ሰውን አጥግበሽ አንቺ ምድጃው ጥግ ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? እዛ ጀርመን፣ ኑረንበርግስ ብርዱ ለቀቀ? ፍራው ኢርምጋርድስ እንዴት ናቸው፣ መድኃኒታቸውን አሁንስ ትራስ ስር ሳይደብቁ ይውጣሉ? ሁላችሁንም እመቤታችን በጤና ትጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህንነቴ ራሱ እያስፈራኝ ነው ይኸው የምጽፍልሽ። ጽሕፈቴ ድሮም ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ታውቂያለሽ፣ ብቻ እንደምንም አንብቢው፣ እስከ መጨረሻው ሳትስቂ አንብቢው።

አትሳቂ ያልኩሽ ወድጄ አይደለም። እኔ አሁን ያለሁት ቤሽቻዲ ነው። ራዶም አይደለሁም፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ራዶም የለሁም፣ ቤሽቻዲ ነኝ፣ እውነተኛው ቤሽቻዲ፣ ተራራው ላይ። ስንት ጊዜ በስልክ ነገርኩሽ! «እማዬ ቤሽቻዲ ነኝ» ስልሽ «እኔም ልጄ፣ እኔም ሰሃን ባጠብኩ ቁጥር እዛው ነኝ» ብለሽ ሳቅሽ። የፍየል ፎቶ ላክሁልሽ፣ አንቺ «ደስ ስትል፣ ከየት አገኘሻት» ብለሽ ከአበባ ጋር መልካም እሁድ የሚል ፎቶ መለስሽልኝ። አልፈርድብሽም። ፖላንድ ውስጥ ሲመረው ሁሉም የሚለው ነገር ነው፣ የጥርስ ሐኪሙም ይለዋል፣ ባቡር ነጂውም ይለዋል፣ አክስቴ እንኳ የልብስ ማጠቢያዋ በተበላሸ ቁጥር «በቃኝ፣ ሁሉን ጥዬ ቤሽቻዲ!» ትልና ወርዳ ሳሙና ገዝታ ትመለሳለች። ብሎ የሄደ ሰው ግን ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። ፖስታው ላይ የተመታውን ማህተም እዪው፣ የዚህ ፖስታ ቤት ስም ነው ያለበት፣ ማህተም አይቀልድም።

ዋናውን ነገር አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ያ እዛ ሆቴል ውስጥ ያገኘሽልኝ የልብስ አጠባ ሥራ፣ «ፋሲካ ላይ መጥቼ ከራዶም ይዤሽ እመለሳለሁ፣ ለሆቴሉ ሴትዮ ቃሌን ልሰጣት ነው» ያልሽኝ፣ እማዬ ቃልሽን እንዳትሰጫት። ቲኬትም እንዳትቆርጪ። እኔ እዚህ መቅረት ነው የምፈልገው። ይኸው አልኩት። እስክሪብቶውን ጥዬ ወጥቼ አየር ወስጄ ነው የተመለስኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ ካነበብሽው በኋላ ትፈርጃለሽ።

ራዶም ስለምሠራበት መጋዘን ነግሬሻለሁ። ያ እጃችን ላይ የሚያስሩብን ነገር አለ አይደል፣ ትንሽ ቆም ካልኩ ጢጥ ጢጥ የሚለው፣ አንድ ቀን ሽንት ቤት ተቀምጬ ጢጥ አለብኝ። ምን ልበልሽ፣ እንባዬ መጣ፣ ከንዴት ይሁን ከሐፍረት አላውቅም፣ ወጣሁና ለፈረቃ አለቃው «በቃኝ፣ ሁሉን ጥዬ ቤሽቻዲ ሄድኩ» አልኩት። ቀና እንኳ አላለም። «ስትወጪ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» አለኝ። ሴቶቹ ደግሞ ተቀባበሉኝ፣ አንዷ ለኔም ቦታ ያዢልኝ ትላለች፣ ሌላዋ አይብ ላኪልኝ ትላለች፣ አብራኝ የምትኖረው ኢሎና ደግሞ ድብ ስታገቢ ሰርጉ ላይ እንዳትረሺኝ አለች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ግን ጋደም ብዬ ሳስበው ነገ ስገባ ሁሉም «ቤሽቻዲ እንዴት ነበር?» ብለው ሊጠይቁኝ ነው፣ ፊቴ እሳት ሆነ። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ከሚስቅብኝ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል። ፈሪ ከቤቱ አይወጣም ይላሉ፣ እኔ ግን ፈርቼ ነው የወጣሁት፣ ከተራራው ይልቅ ተመልሼ «ቀልዴን ነው» ማለቱ አስፈራኝ።

አውቶብስ ተራው ላይ ያለችው ቲኬት ቆራጭ «ወዴት?» አለችኝ። «ቤሽቻዲ» አልኳት። መነጽሯን አወለቀችና «አይ እናቴ፣ ሁላችንም! አሁን የምርሽን ወዴት ነሽ?» አለችኝ። ወረፋ ላይ ያሉት በሙሉ ሳቁ። ቲኬቱን ስትሰጠኝ ራሱ እየሳቀች ነበር፣ እኔ ደግሞ እዛው መመለስ አማረኝ፣ ግን ከኋላዬ ሰው አለ፣ ወደፊት ገፉኝ።

ሳኖክ ከተማ ላይ ትልቁ አውቶብስ አወረደንና ትንሿን ያዝኩ፣ ማክሰኞና አርብ ብቻ ነው የምትወጣው። ሹፌሩ ዚግሙንት ይባላል፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ እንደ መጥረጊያ። በመስታወት እያየኝ «ዘመድ ጥየቃ ነው ወይስ ጣይ ነሽ?» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። እዚህ እኮ እማዬ፣ «ሁሉን ጥዬ» ብሎ የመጣውን ሰው ጣይ ነው የሚሉት። ጣዮቹ ሜይ ላይ ይመጣሉ፣ አዲስ ቦት ጫማና ጊታር ይዘው፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ደግሞ ጥለው የመጡትን ሊያነሱ ይመለሳሉ። «በኦክቶበር ጭቃ የመጣ ጣይ ግን አይቼ አላውቅም» አለኝ፣ «ወይ አገሩን አታውቂውም ወይ የምርሽን ነሽ።» አገሩን እንደማላውቀው ነገርኩት። ሳቀና እትዬ ጌንያ ጋ ላድርስሽ አለኝ፣ ፍየሎቿን የሚያልብላት ትፈልጋለች፣ ምላሷ ይናደፋል ሾርባዋ ግን ጥሩ ነው አለኝ።

እትዬ ጌንያ ሰባ አልፏቸዋል፣ እንደ ገመድ ቀጭን ናቸው፣ የሟች ባላቸውን ኮፍያ ነው የሚያደርጉት። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነው። «ጣይ ነሽ?» አሉኝ። አዎ አልኩ፣ ምን እላለሁ። «ምን ጣልሽ?» አሉኝ። አሰብኩ አሰብኩ፣ እማዬ የምጥለው ነገር አጣሁ። «ምንም። እጅ ላይ የሚታሰር ጢጥ የሚል ነገር ብቻ» አልኳቸው። ሳቁ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁና «ባንክ ጥሎ የመጣ አውቃለሁ፣ ባል ጥላ የመጣች አውቃለሁ፣ አንዱ እንደውም የጥርስ ክሊኒክ ጥሎ መጥቶ የፍየሎቼን ጥርስ ሲቆጥር ከረመ። ምንም ሳትጥል የመጣች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ግቢ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያ ሰሞኑን አትጠይቂኝ። ሁሉም ያስፈራኛል። ድቡ ያስፈራኛል፣ ዱካውን ከጓሮ አይተናል፣ እግሩ የሰሃን ያህላል። ከድቡ ይልቅ ደግሞ ዝምታው፣ ጢጥ የሚል ነገር የለም፣ ጆሮዬ ራሱ መጮህ ጀመረ። ከሁሉም ይልቅ ግን አውራው ፍየል። ስሙ ሚኒስትር ነው። እትዬ ጌንያን ለምን ሚኒስትር አሉት ስላቸው «ይሸታል፣ ይዋጋል፣ ሥራ የለውም» አሉኝ። ፍየሎቹን በሙሉ የቢሮ ስም ነው ያወጡላቸው፣ ዳይሬክተሯ አለች፣ ጸሐፊዋ አለች፣ ሂሳብ ሹሟ አለች፣ ቢሮ ጥለው የመጡ ሰዎች ሲያልቧቸው ደስ እንዲላቸው ነው አሉኝ። ዳይሬክተሯ ባልዲ መምታት ትወዳለች፣ ወተቱ ልክ ሊሞላ ሲል ነው የምትመታው። ያን ጊዜ እትዬ ጌንያ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? «በቃኝ፣ ሁሉን ጥዬ ዋርሶ!»

እማዬ እዚህ የተገላቢጦሽ ነው! እኛ ሲመረን ቤሽቻዲ እንደምንለው እነሱ ሲመራቸው ዋርሶ ይላሉ። ዚግሙንት ጎማው ጭቃ ሲይዘው «ሁሉን ጥዬ ዋርሶ!» ሚስቱ ቭላድካ ዱቄቱ ውስጥ አይጥ ስታገኝ «ሁሉን ጥዬ ዋርሶ!» ቄሱ ራሳቸው የደወሉ ገመድ ተበጥሶ እግራቸው ላይ ሲወድቅ ብለውታል አሉ፣ እኔ አልሰማሁም ግን ቭላድካ ትምላለች። ማንም ደግሞ አይሄድም። ብለው ብለው ድንች ልጠው ይተኛሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ድርቆሹ ላይ ወድቄ ነው የሳቅኩት፣ ከመጣሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

በረዶው ሲጥል ሁሉም ትሄዳለች ብለው ጠበቁኝ። ዚግሙንት ባየኝ ቁጥር «አልሄድሽም እንዴ ጣይዋ?» ይለኛል፣ እኔም «አርብ» እለዋለሁ፣ አርብ ይመጣል ማለብ አለ፣ ማክሰኞ ይመጣል አይብ ማገላበጥ አለ። እንደዛ እንደዛ ገና ደረሰ። ለገና ዋዜማ ላልታሰበ እንግዳ አንድ ሰሃን ትርፍ አይቀመጥም? እትዬ ጌንያ እኔን እዛ ቦታ ላይ አስቀመጡኝና «ዘንድሮ ያልታሰበው እንግዳ ቀድሞ መጣ፣ ይበላል ደግሞ» አሉኝ። ያን ለታ ደውዬልሽ ዓሣ በላሁ ስልሽ ከማን ጋር ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ከእትዬ ጌንያ ጋር ስልሽ የሥራ ባልደረባዬ መስላሽ ሰላምታ ላክሽላት። ነግሬያቸዋለሁ። በጣም ነው ደስ ያላቸው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔ ባልዲ እያጠብኩ፣ እትዬ ጌንያ የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው ከጓዳ ወጡ። ሻይ ጠጡ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉና «ሳቢንካ፣ እኔ ሁሉን ጥዬ ዋርሶ ሄድኩ» አሉኝ። እኔ እማዬ፣ ቀና እንኳ ሳልል «ሲወጡ በሩን ይዝጉት፣ ብርድ ይገባል» አልኳቸው። ሳቁ። በሩን ዘጉት።

ሾርባው ፈላ፣ አልመጡም። በረት አየሁ የሉም። እንጨት ቤት የሉም። ጅረቱ ድረስ ወረድኩ፣ «እትዬ ጌንያ!» ብዬ ስጮህ የመለሰልኝ ሚኒስትሩ ብቻ ነው። የሆነ ቦታ ወድቀው ነው ብዬ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። የዚግሙንት አውቶብስ ስትመለስ መንገዱ መሃል ገብቼ እጄን አወራጨሁ። «ጌንያ? ሳኖክ አደረስኳት እኮ» አለኝ። «ባቡር ጣቢያው በር ላይ ወርዳ ሁሉን ጥዬ ዋርሶ አለችኝ፣ እኔም ስትመለሺ አንድ ሚኒስትር አምጪልኝ ብዬ ሳቅኩባት፣ እሷ ገብታ ቲኬት ቆረጠች…» እያለ እያለ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ለካ ለባለሱቁም ነግረውት ነበር፣ ስቋል። ለቄሱም ነግረዋቸው ነበር፣ እግዚአብሔር ይከተልሽ ብለው ስቀዋል። ስልካቸው ዳቦ ማስቀመጫው ላይ ተቀምጧል፣ እውነትም ሁሉን ጥለው ነው የሄዱት። አርባ ዓመት ከዚህ ተራራ ወርደው የማያውቁ ሰው!

እኔ ብቻዬን፣ አስራ ምናምን ፍየል፣ ሁለቱ ሊወልዱ የደረሱ። ዚግሙንት በደግነት «አርብ ቦታ ልያዝልሽ?» አለኝ። ክፋት የለውም፣ ጣይ ሁሉ እንደዛ ነው የሚሄደው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልብሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሩ ጋ አስቀመጥኩት። ፍየሎቹን ለቭላድካ አደራ እላለሁ፣ ጀርመን እሄዳለሁ፣ ከእማዬ ጋር እሆናለሁ፣ ሆቴሉ ውስጥ ድብ የለም ብዬ አሰብኩ።

አርብ ጠዋት ተነስቼ በረት ስገባ ዳይሬክተሯ ምጥ ላይ ናት። ታቃስታለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ አንዲት እግር ብቻ ብቅ ብላ ሁለተኛዋ የለችም። እትዬ ጌንያ አንዴ ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ ግን ያየሁት በጣቶቼ መሃል ነው፣ ዓይኔን ሸፍኜ ነበራ። ሮጥኩ፣ ስልክ የሚይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ብቻ ነው፣ በረዶው ጉልበቴ ድረስ፣ ደወልኩልሽ። ያን ስልክ ታስታውሺዋለሽ? እኔ «እማዬ እያማጠች ነው፣ አንድ እግር ብቻ ነው የወጣው፣ ምን ላድርግ!» አንቺ «ማን? ኢሎና? መቼ አርግዛ?» እኔ «ኧረ ዳይሬክተሯ ናት!» አንቺ «የመጋዘኑ ዳይሬክተር?! ምነው ሐኪም አትጠሩም!» እኔ «እማዬ ቤሽቻዲ ነኝ፣ ፍየል ናት፣ ፍየል!» አንቺ ሳቅሽ፣ እንዴት እንደሳቅሽ፣ «ልጄ ዛሬስ ገደልሽኝ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ አልሳቅኩም ነበር» አልሽኝ፣ ፍራው ኢርምጋርድ ጠሩሽና ዘጋሽው።

ጉብታው ላይ ስልኬን ይዤ ቀረሁ። እናቴ ስቃ ዘጋችው፣ ፍየሏ ታምጣለች፣ በረዶው ይወርዳል። እና እማዬ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ የመጋዘኑ ዳይሬክተር በከረባቱ ድርቆሽ ላይ ተኝቶ ታየኝና እኔም ሳቄ መጣ። ብቻዬን፣ እንደ እብድ። ያ ሳቅሽ ባይኖር አልወርድም ነበር፣ ወደ አውቶብሱ ነበር የምሮጠው። ወረድኩ። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ዳይሬክተሯን «ይቅርታ ክብርት ዳይሬክተር» አልኳትና ገባሁ።

እጄን አስገብቼ የታጠፈችውን እግር ስፈልግ፣ ግልገሉን ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ስመልሰው፣ በቃ ያን ጊዜ የዚግሙንት ጡሩንባ ከመንገዱ ተሰማኝ። ጥሩምም ጥሩምም። ለኔ ነው የሚነፋው፣ ቦታ ይዞልኝ። እኔ ደግሞ እጄ ፍየል ውስጥ ነው። እንደገና ነፋ። ሰኮናዋን አገኘኋት፣ ማህፀኗን እንዳትቀድ በመዳፌ ሸፈንኳት፣ ወደ ፊት አመጣኋት፣ ዳይሬክተሯ ገፋች፣ እኔ ሳብኩ፣ ሁለታችንም ጮህን፣ ግልገሏ ወጣች። ሴት ናት። አልተነፈሰችም። አፍንጫዋን ጠረግኩ፣ በጭድ ፈተግኳት፣ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያልኩ ፈተግኳት ፈተግኳት፣ አስነጠሰች። ፊቴ ላይ ነው ያስነጠሰችብኝ። ሁለተኛው ደግሞ ማንንም ሳያስቸግር ሾልኮ ወጣ።

ቀና ስል ዚግሙንት በረቱ በር ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን አውልቆ። መቼ እንደመጣ አላውቅም። ሄዶ ቦርሳዬን ከበሩ አነሳና መልሶ ወደ ጓዳ አስገባው፣ ከዛ ወደ አውቶብሱ ሄደ።

እትዬ ጌንያ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመለሱ፣ ቀይ የአንገት ልብስ አስረው። ከሰላምታ በፊት በረት ነው የገቡት። ግልገሎቹን አዩ፣ ዳይሬክተሯን ዳበሱ፣ «ማን ነው ያወጣት?» አሉኝ። እኔ አልኩ። «እግሯ ታጥፎ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ሴቷን «ዓመት ፈቃድ» ወንዱን «ትርፍ ሰዓት» ብለው ስም አወጡላቸው። ቤት ስንገባ ነው እኔ ያለቀስኩት፣ እንዴት ሳይነግሩኝ ይሄዳሉ ብዬ። «ነገርኩሽ እኮ» አሉኝ፣ «በሩን ይዝጉት አልሽኝ።»

ዋርሶ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? የምድር ባቡሩ ጋ ያለውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ ዘበኛው መጥቶ «እናቴ ወዴት ነው?» ቢላቸው «ወደ ላይ፣ ከዛ ወደ ታች» አሉት። ያረፉበት ቤት ያለችው ልጅ መታወቂያቸውን አይታ «ቤሽቻዲ! ወይኔ፣ እኔማ ሁሉን ጥዬ…» ስትል «ቁልፉ ምንጣፉ ስር ነው፣ ሚኒስትሩን ግን ጀርባሽን እንዳትሰጪው» አሏት። ቆይተው ሳቁን ተዉና እንዲህ አሉኝ፦ «አርባ ዓመት ሄድኩ ሄድኩ ስል ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ መሄድ አምሮኝ አያውቅም መሰለሽ? ፍየሎቹን የምተውለት ሰው አልነበረኝም።» ሜይ ላይ ደግሞ ግዳንስክ ሊሄዱ ነው፣ ባህር አላየሁም ይላሉ። «ትኖሪያለሽ ወይስ ጀርመን ልብስ ልታጥቢ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ያንቺ ፊት መጣብኝ፣ ያንን ሥራ ለማግኘት ስንቱን ሰው እንደለመንሽ አውቃለሁ።

ትናንት ደግሞ ቭላድካ መጣች። አንዲት ኩባያ ይዛ። እትዬ ጌንያ ምድጃው ጋ ተቀምጠዋል፣ እሳቸውን አልፋ እኔን «ሳቢንካ፣ እስቲ አንድ ኩባያ ስኳር አበድሪኝ፣ ሐሙስ እመልሳለሁ» አለችኝ። ሰጠኋት፣ ምን አለበት። ስትሄድ እትዬ ጌንያ ወደ እሳቱ እያዩ «ቭላድካ እኮ ስኳር አላት። ጆንያ ሙሉ» አሉኝ። አልገባኝም ነበር፣ ነገሩኝ። እዚህ ለጣይ መጥረቢያም ጨውም ያበድራሉ፣ ከጣይ ግን አይበደሩም፣ ሊመልሱ ሲመጡ አይገኝማ። እሳቸው ራሳቸው ጣይ ሆነው እዚህ ሲመጡ ከሳቸው አንድ ሰው እስኪበደር ሦስት ክረምት ነው የፈጀባቸው። እኔ ተነስቼ ወጣሁና በረቱ ውስጥ ከግልገሏ ከዓመት ፈቃድ ጋር አለቀስኩ፣ የደስታ ነው እማዬ፣ አትደንግጪ።

አሁን ገባሽ አይደል? ሐሙስ ስኳሬን ሊመልሱልኝ ይመጣሉ፣ እኔ መገኘት አለብኝ። ስለዚህ ለሆቴሉ ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ በያትና ቦታውን ለሌላ ልጅ ትስጥ። ታዝኛለሽ፣ አውቃለሁ፣ ከአንቺ ጋር አንድ ከተማ ልንኖር ነው ብለሽ አልጋ ሁሉ እንዳዘጋጀሽልኝ አውቃለሁ። መቆጣትም ትችያለሽ፣ ብቻ መጀመሪያ እመኚኝና ከዛ ተቆጪኝ። ፋሲካ ላይ ደግሞ ራዶም አትምጪ፣ ማንም የለም። ሳኖክ ውረጂና ትንሿን አውቶብስ ያዢ። ጭቃ ስለሚሆን ሌላ ጫማ ያዢ፣ የወገብሽን መድኃኒት አትርሺ፣ አልጋው የምድጃው ክፍል ውስጥ ነው፣ ይሞቃል። አሁንም ሁሉም ያስፈራኛል እኮ፣ ድቡም፣ ሚኒስትሩም፣ እትዬ ጌንያ ግዳንስክ ሲሄዱ ብቻዬን መሆኔም፣ ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ፊትሽ ምን እንደሚመስልም። ግን ጠዋት ስነሳ ደስ ይለኛል። ከዚህ በፊት ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር፣ ሰው ሁሉ እንደዛ ይመስለኝ ነበር።

ለፍራው ኢርምጋርድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። በእሳቸውም አገር ሰው ሲመረው «ለደሴት በስያለሁ» ይላል ብለሽ ነግረሽኝ ነበር፣ እባክሽ ሲሉ አትሳቂባቸው፣ ካፖርት ለብሰው እንደሆነ እዪ። ለልጃቸው ለሄር ዲየትማርም ሰላም በይልኝ፣ ፖስታውን የሚያመጣልሽ እሱ ስለሆነ ማህተሙን ይመልከትልኝ። ታችኛው ፎቅ ላለችው ለጓደኛሽ ለቦጉስያ፣ ለሁለቱ መንታ ልጆቿ፣ ለውሻውም ለሙኪ ሰላምታ። ለአክስቴ ስትደውዪ ሳቢና ሥራ ላይ ናት በያት፣ የት ብላ ከጠየቀች ግን እውነቱን ንገሪያት፣ ትስቅ። እትዬ ጌንያ እጅ ነስተውሻል፣ የላክንልሽ አይብ ጨው ስለበዛበት በውሃ ዘፍዝፊው ብለዋል። ቭላድካና ዚግሙንትም ሰላም ብለውሻል፣ ሳያውቁሽ።

ሐሙስ ስኳሬን ተቀብዬ ጉብታው ላይ እወጣና እደውልልሻለሁ። ስታነሺው «የት ነሽ?» ብለሽ ጠይቂኝ እማዬ፣ ስነግርሽ ደግሞ «እሺ» በይኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ ሳቢና

ጃቮርኒክ፣ ቤሽቻዲ
ቅዳሜ፣ ማርች 7